ሳቁ ሲቆም፦ «ዋንዳቪዥን»ን እንዴት እንየው?

እራቱ

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አዲስ ተጋቢዎቹ ዋንዳና ቪዥን የባልየውን አለቃ ሚስተር ሃርትን ከነባለቤቱ እራት ጋብዘዋል። ምግቡ ተበላሽቶ በጥድፊያ ሌላ ተሠርቷል፤ የማይታየው የስቱዲዮ ታዳሚም በየቅጽበቱ ሲስቅ ቆይቷል። ማዕዱ ላይ አለቃው ማንም እንግዳ የሚጠይቀውን ይጠይቃል። ከየት መጣችሁ? መቼ ተጋባችሁ? ልጅ ለምን አልወለዳችሁም? ባልና ሚስቱ ይተያያሉ። መልስ የላቸውም። አለቃው ይቆጣል፣ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል፣ ወዲያው የጎረሰው ትን ይለውና ወለሉ ላይ ይወድቃል። ሚስቱ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ እንዲተው ደጋግማ ትለምናለች። መጀመሪያ ባሏን የምትለምን ይመስላል። ቆይቶ ግን ዐይኗ ዋንዳ ላይ ያርፋል፣ ድምፅዋም ይንቀጠቀጣል።

በዚህ ጊዜ የታዳሚው ሳቅ የለም። እስካሁን ከሩቅ ሆኖ ክፍሉን በሙሉ ያሳየን የነበረው ካሜራ ጠጋ ብሎ ፊት ለፊት ያፈጥጣል። ዋንዳ ቪዥንን እንዲረዳው ታዘዋለች፤ ቪዥንም እጁን በሰውየው ጉሮሮ ውስጥ አሳልፎ የተሰነቀረውን ያወጣለታል። ሚስተር ሃርት ተነሥቶ ልብሱን ያስተካክላል፣ ሳቁም ይመለሳል፣ እንግዶቹ ምንም እንዳልሆነ ሰው አመስግነው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ተከታታይ ድራማ ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ትዕይንት ነው። ጭራቅ አልመጣም፣ ሕንፃ አልፈረሰም። የተለወጠው የካሜራው አቀማመጥና የሳቁ ድምፅ ብቻ ነው፤ ተመልካቹን ያስፈራውም ይኸው ነው። በ«ዋንዳቪዥን» ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው አቀራረቡ ራሱ ነው።

ታሪኩ ከየት ይነሣል?

«ዋንዳቪዥን» ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ማርቭል ስቱዲዮስ ለዲስኒ ፕላስ ካዘጋጃቸው ተከታታይ ድራማዎች በመጀመሪያ ለእይታ የበቃው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2021 በሁለት ክፍሎች ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ አንድ እየተጨመረ መጋቢት 5 ቀን ተጠናቀቀ። የደራሲዎቹ መሪ ጃክ ሼፈር ስትሆን ዘጠኙንም ክፍሎች ያዘጋጀው ማት ሻክማን ነው። ሻክማን ራሱ በልጅነቱ በሲትኮም ውስጥ የተወነ ሰው ነው። ዋንዳን ኤልሳቤጥ ኦልሰን፣ ቪዥንን ፖል ቤታኒ ይጫወታሉ። ርዕሱ የሁለቱን ስም ያጣምራል፤ ውስጡም ቴሌቪዥን አለ።

የቀደሙትን ፊልሞች ላላየ ሰው የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ዋንዳ ማክሲሞፍ ሶኮቪያ በምትባል የልብ ወለድ አገር ተወልዳ ወላጆቿን በጦርነት ያጣች፣ ከባድ ኃይል ያላት ሴት ናት። መንትያ ወንድሟ ፒየትሮ በ2015ቱ የ«አቬንጀርስ» ፊልም ሞተ። የምትወደው ቪዥን ሰው ሠራሽ ፍጡር ነው፤ በ2018ቱ ፊልም ዓለምን ለማዳን በገዛ እጇ ልታጠፋው ተገደደች። ጠላቷ ታኖስ ግን ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ቪዥንን አስነሣውና ዐይኗ እያየ ዳግመኛ ገደለው። አንድን ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አጣች ማለት ነው።

ድራማው ሲጀምር ግን ሁለቱ ኒው ጀርሲ ውስጥ ዌስትቪው በምትባል ከተማ ጎጆ ወጥተው በደስታ ሲኖሩ እናገኛቸዋለን። ዘመኑ የ1950ዎቹ ይመስላል። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ማንም አያስረዳንም።

ሲትኮም የሚገባው ቃል

ሲትኮም የምንለው የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች በየሳምንቱ በአንድ ቦታ እየተገናኙ፣ በትንሽ አለመግባባት እየተንጫጩ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚታረቁበት አስቂኝ ድራማ ነው። በእኛ አገር «ቤቶች»ን የተከታተለ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ያው ሳሎን፣ ያው ሶፋ፣ ያው በር። በሩን ከፍቶ የሚገባው ሰው ችግር ይዞ ይመጣል፣ ችግሩም ከማለቂያው በፊት ይፈታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ባለበት ይገኛል።

ይህን የአሠራር መልክ በአሜሪካ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው የቴሌቪዥን ድራማ ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ ግን ሎስ አንጀለስ መቆየት ፈለጉ። ስለዚህ ትርኢቱን በታዳሚ ፊት፣ በሦስት ካሜራዎች፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መቅረጽ ያዙ። ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ አንዱ የሌላውን ጥላ እንዳያይ ብርሃኑ በእኩል መበተን አለበት። ይህን ያደራጀው ካርል ፍሮይንድ የተባለ፣ ቀደም ብሎ በጀርመን «ሜትሮፖሊስ» ላይ የሠራ የካሜራ ሊቅ ነበር። ያ ጥላ የሌለው፣ ሁሉም ነገር በእኩል የሚታይበት ሳሎን የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ተገኘ። በፊልም የተቀረጸ ነገር ይቆያል፣ ይደገማል፣ ለሌላ አገር ይሸጣል። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንመለስበታለን።

የሳቁ ድምፅ

በሲትኮም ውስጥ የምንሰማው ሳቅ ሁልጊዜ በቦታው ከተቀመጠ ሰው የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ ቻርልስ ዳግላስ የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ልዩ ልዩ የተቀዱ ሳቆች የተጫኑበት፣ ቁልፉ ሲነካ የሚስቅ ማሽን ሠራ። ከዚያ በኋላ ታዳሚ ሳይኖር የሚቀረጹ ሲትኮሞችም ሳቅ አገኙ። የሳቁ ሥራ ለተመልካቹ ብቻህን አይደለህም ማለት ነው፤ የት መሳቅ እንዳለበትም ይነግረዋል።

የ«ዋንዳቪዥን» ሠሪዎች የመጀመሪያውን ክፍል የቀረጹት እውነተኛ ታዳሚ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጠው ነው። የካሜራና የመብራት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ነበር። በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ሳህንና ድስት በድሮው ዘዴ በሽቦ አንቀሳቀሱት። የቪዥን ቀይ ፊት በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ደህና አልወጣ ስላለ ተዋናዩን ሰማያዊ ቀለም ቀቡት። ሻክማንና የማርቭል ስቱዲዮስ ኃላፊ ኬቨን ፋይጊ ከቀረጻው በፊት የ«ዲክ ቫን ዳይክ ሾው»ን ዋና ተዋናይ ዲክ ቫን ዳይክን ምሳ ጋብዘው ስለ ሥራው ጠይቀውታል። ሽማግሌው የነገራቸው፣ በእውነተኛ ሕይወት ሊሆን የማይችል ነገር በድራማቸው ውስጥ እንዳይገባ ይጠነቀቁ እንደነበር ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ለናፍቆት ብቻ የተደረገ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የእራቱ ትዕይንት የሚሠራው ሳቁ እውነተኛ ስለነበረ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል አብሮን የሳቀ ሰው ድንገት ዝም ሲል ነው ክፍሉ ውስጥ ከኛ በቀር ማንም እንደሌለ የምናውቀው።

በየክፍሉ አንድ ዘመን

ከዚያ በኋላ ድራማው በየክፍሉ ዘመን ይሻገራል። ሁለተኛው የ1960ዎቹን «ቢዊችድ» ይከተላል፤ ጠንቋይነቷን ደብቃ ተራ የቤት እመቤት ለመሆን የምትታገል ሴት ታሪክ ስለሆነ ለዋንዳ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። «ቢዊችድ» በ1966 ከጥቁርና ነጭ ወደ ከለር ተሻግሯል፤ የዋንዳም ሁለተኛ ክፍል የሚያልቀው ቤቱ በከለር እየተሞላ ነው። ሦስተኛው የ«ብሬዲ በንች» ብርቱካናማ ሰባዎቹ ነው። አምስተኛው ሰማንያዎቹን ይዞ «ፋሚሊ ታይስ»ንና «ፉል ሃውስ»ን ያስታውሳል። የዋና ተዋናይዋ ታላላቅ መንትያ እኅቶች በሕፃንነታቸው ያደጉት በዚሁ በ«ፉል ሃውስ» ካሜራ ፊት ነበር። ስድስተኛው እንደ «ማልኮም ኢን ዘ ሚድል»፣ ሰባተኛው እንደ «ሞደርን ፋሚሊ»ና «ዚ ኦፊስ» ገጸ ባሕርያቱ ወደ ካሜራ ዞረው የሚናዘዙበት ነው። የመግቢያ ዘፈኖቹን በ«ፍሮዝን» ዘፈኖች የታወቁት ባልና ሚስት ክሪስተን አንደርሰን ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ ለየዘመኑ ለይተው ደርሰዋል። በሰባተኛው ክፍል ጎረቤቲቱ አግነስ ማን እንደሆነች የሚገልጠው ዘፈን በ2021 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ድራማው የድሮ ሲትኮሞች መታሰቢያ ነው ብለው የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚመስል ሲቆጥሩ ይውላሉ። ቁጥሩ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ዘመኑ ለምን ይሮጣል የሚለው ነው። መልሱን ከዋንዳ ጠባይ እናገኘዋለን፦ አንድ ዘመን ሲሰነጠቅባት ወደ ሌላው ትሸሻለች። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ የንብ አንቢ ልብስ የለበሰ ሰው ከመንገድ ጉድጓድ ይወጣል። ዋንዳ እምቢ ስትል ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ሰውየው ከነጭራሹ እንዳልመጣ ይሆናል። ታኖስ ጊዜን መልሶ ቪዥንን የገደለባት ሴት አሁን ራሷ ጊዜን ትመልሳለች።

የሲትኮም ደንብ መሣሪያ ሲሆን

የጃክ ሼፈርና የጓደኞቿ ብልሃት ከሁሉ በላይ የሚታየኝ በአምስተኛው ክፍል ነው። ቪዥን የከተማዋ ሰዎች ነፍስ እንደታሰረች ደርሶበታል። ሳሎን ውስጥ ሚስቱን ፊት ለፊት ይጠይቃታል። ዋንዳ መመለስ አትፈልግም፤ ስለዚህ የማለቂያው ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ መውጣት ይጀምራል። የተዋናዮች ስም እየተንሸራተተ ቪዥን ግን መናገሩን አያቆምም። ድራማው አልቋል ስትለው እሱ አላለቀም ይላል። ስንቶቻችን በቤታችን ውስጥ ይህን አድርገናል? ጭቅጭቁ ሲከብደን በቃ፣ ይህ ጉዳይ ተዘግቷል ብለን ተነሥተናል።

በዚያው ክፍል ዋንዳ በዌስትቪው የወለደቻቸው መንትያ ልጆች ያሳደጉት ውሻ ይሞታል። ልጆቹ ሐዘኑን ለመሸሽ ዕድሜያቸውን በቅጽበት ሊያሳድጉ ይዳዳቸዋል፤ እንድታስነሣላቸውም ይለምኗታል። እናትየው ከዚህ ስሜት መሸሽ እንደማይገባ፣ ሞትንም መመለስ እንደማይቻል በእርጋታ ታስረዳቸዋለች። ጎረቤቲቱ አግነስ አጠገባቸው ቆማለች። እኔ ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ሴትየዋ እውነቱን ታውቃለች፣ ለልጆቿም ትናገራለች፣ ለራሷ ግን መናገር አልቻለችም።

ሌላም አለ። ሲትኮም ተዋናይ ሲቀየር እንዳልተቀየረ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ በ«ቢዊችድ» የባልየው ተዋናይ በ1969 በሌላ ሰው ተተክቶ ጎረቤት ሁሉ በዚያው ስም ሲጠራው ኖሯል። በ«ዋንዳቪዥን» የሞተው ወንድም ፒየትሮ በር አንኳኩቶ ሲገባ ፊቱ የሌላ ሰው ነው፤ የሚጫወተው ኤቫን ፒተርስ በሌላ ስቱዲዮ የ«ኤክስ ሜን» ፊልሞች ያንኑ ገጸ ባሕርይ የተጫወተ ነበር። ዋንዳ ታቅማማለች፣ ግን ታቅፈዋለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የመሰለውን ሁሉ ይቀበላል።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ዋንዳ ለካሜራው እየተናዘዘች ሳለ ከካሜራው ጀርባ ያለው ድምፅ ይህ የሚገባሽ አይመስልሽም ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ትደነግጣለች፤ ጠያቂው መናገር አልነበረበትምና። ደንቡ ራሱ ከድቷታል።

ማስታወቂያዎቹ

በየመሐሉ የሚገቡትን አጫጭር ማስታወቂያዎች እንዳታልፏቸው። የመጀመሪያው የዳቦ መጥበሻ ነው፤ ሠሪው የስታርክ ድርጅት ሲሆን ወላጆቿን የገደለውም የዚያው ድርጅት ቦምብ ነው። በጥቁርና ነጩ ምስል ላይ የመጥበሻው መብራት ብቻ ቀይ ሆኖ ብልጭ ይላል፣ ድምፁም ሊፈነዳ እንደተቃረበ ነገር ይፋጠናል። በኋላ ሌጎስ የሚባል የኩሽና ወረቀት ይመጣል፤ በ2016ቱ ፊልም ዋንዳ ሳታስበው ንጹሐን ሰዎችን ያስጨረሰችባት የናይጄሪያ ከተማ ስም ነው። ወረቀቱ የፈሰሰ ቀይ ነገር ይጠርጋል። የቀሩትን ራሳችሁ ፍቱ።

ለምን ሲትኮም?

አራተኛው ክፍል ከከተማዋ ውጭ ያሉትን ሰዎች ያሳየናል። ሳይንቲስቷ ዳርሲ ሉዊስ ከዌስትቪው በሚመጣው ሞገድ ውስጥ የቴሌቪዥን ስርጭት ተደብቆ ታገኛለች፣ አሮጌ ቴሌቪዥን አስመጥታም ትከፍተዋለች። እሷም እንደኛ ተመልካች ናት፤ ትስቃለች፣ ትጠይቃለች። ለምን ሲትኮም እንደሆነ ግን የምናውቀው በስምንተኛው ክፍል ነው።

ሶኮቪያ ውስጥ ከውጭ ተኩስ ይሰማል። የዋንዳ አባት የአሜሪካ ሲትኮሞችን በዲቪዲ እየሸጠ ቤተሰቡን ያኖራል። ያን ምሽት ልጆቹ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ዋንዳ የመረጠችው «ዲክ ቫን ዳይክ ሾው»ን ነው። እየሳቁ ሳለ ቤቱ በቦምብ ይመታል። ወላጆቹ ይሞታሉ፤ ሁለተኛው ቦምብ ሳይፈነዳ አጠገባቸው ይቀራል፣ ሁለቱ ሕፃናትም እሱን እያዩ ፍርስራሽ ስር ይቆያሉ። ቴሌቪዥኑ ግን አልጠፋም ነበር። ትርኢቱ እንደ «አይ ላቭ ሉሲ» በፊልም በመቀረጹ የተረፈ ሳቅ፣ ዓመታት አልፎ በምሥራቅ አውሮፓ ፍርስራሽ ውስጥ ለአንዲት ልጅ ጓደኛ ሆነ።

ወንድሟ ሲሞት ቪዥን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከእሷ ጋር ሲትኮም አይቷል። እሱ ራሱ ሲሞት ግን አጠገቧ የተቀመጠ የለም። የቀበረችው አስከሬን እንኳ የላትም፤ በመንግሥት ላቦራቶሪ ተበታትኖ አየችው። መኪናዋን ነድታ ዌስትቪው ሄደች። እዚያ ቪዥን አብረው እንዲያረጁበት የገዛው ባዶ መሬት ነበር፤ መሠረቱ ብቻ ወጥቷል። በዚያ ላይ ተንበርክካ ስትጮህ ቤቱ ከሐዘኗ ወጣ፣ ባሏም ከውስጡ።

እኛ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ድንኳን የሚተከልበት፣ ሰው ሐዘንተኛውን ሌሊትም ብቻውን የማይተውበት አገር ሰዎች ነን። ይህን ክፍል ያየ ኢትዮጵያዊ ዋንዳ የጎደላት ምን እንደነበር ለመረዳት ሊቸገር አይችልም። ለቅሶ ደራሽ አልነበራትም። ስለዚህ ከተማ ሙሉ ሰው አስገድዳ ታዳሚ አደረገች።

የዌስትቪው ሰዎች

ድራማው ይህን ግፍ አይደብቅም። በመጨረሻው ክፍል ነዋሪዎቹ ለአፍታ ነጻ ሲወጡ ዋንዳን ከበው ያለቅሳሉ። እንቅልፍ ሲፈቀድላቸው እንኳ የሚያልሙት የእሷን ቅዠት ነው። አንዲት እናት ልጇ ከተዘጋባት ክፍል እንድትወጣ ብቻ ትለምናለች። የበስተጀርባ ሰው መስለውን ያሳለፍናቸው ሁሉ ቤትና ልጅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ግን ጽሑፉ ይዳከማል። ከውጭ ወደ ከተማዋ የገባችው ሞኒካ ራምቦ ነዋሪዎቹ ዋንዳ ምን እንደሠዋችላቸው በፍጹም እንደማያውቁ ተናግራ ታጽናናታለች፣ ዋንዳም በነዋሪዎቹ ዐይን ፊት ተራምዳ ትሄዳለች። ሞኒካ ራሷ እናቷን ያጣች ስለሆነች ርኅራኄዋ ይገባኛል። ሆኖም እስረኞቹ የአሳሪያቸውን መሥዋዕትነት እንዲያመሰግኑ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ስምንት ክፍል ሙሉ በጥንቃቄ የተገነባው ጥያቄ በሁለት ዐረፍተ ነገር መዘጋት አልነበረበትም።

መጨረሻው

ሌላው ጉድለት ዘጠነኛው ክፍል የሲትኮሙን መልክ ጥሎ ወደ ተለመደው የልዕለ ኃያል ፊልም መመለሱ ነው። ዋንዳና አግነስ መስላ የኖረችው ጠንቋይዋ አጋታ በሰማይ ላይ ብርሃን ይወራወራሉ፣ ሁለት ቪዥኖች፣ ማለትም ዋንዳ የፈጠረችውና ከቀድሞው አካል የተሠራው ነጩ፣ ግድግዳ እየሰበሩ ይፋለማሉ። ያን ያህል የሳቅ፣ የከለርና የካሜራ ቋንቋ ያስተማረን ድራማ ሊጨርስ ሲል ሌሎች ሁሉ የሚናገሩትን ቋንቋ ተናገረ። ከዚያ ፍልሚያ ውስጥ የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ ቪዥኖች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆመው ስለ ቴሴዎስ መርከብ የሚነጋገሩት። የበሰበሰ ሳንቃዋ አንድ በአንድ የተለወጠላት መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይ? ነጩ ቪዥን አካሉ የቀድሞው ነው፣ ትዝታ የለውም፤ ሌላው ትዝታ አለው፣ አካል የለውም። ጠቡ በክርክር ይበርዳል፤ በእንዲህ ዓይነት ፊልም ብዙ ጊዜ የማናየው ነገር ነው።

ስንብቱ ግን ሁሉን ይክሳል። ዋንዳ ከተማዋን ለመልቀቅ ወስናለች፤ ኃይሏ ከተማዋን የከበበበት ቀዩ አጥር ከየአቅጣጫው ወደ ቤቱ እየጠበበ ነው። ልጆቹን አልጋ ላይ አስተኝታ ትሰናበታቸዋለች፣ ከባሏ ጋር ሳሎን ውስጥ ቆማ ብርሃኑ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ሳሎኑ፣ ሶፋው፣ በሩ ይጠፋሉ። እሷ በባዶው መሠረት ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ሳቅ የለም፣ ዘፈንም የለም።

አንድ የቤት ሥራ

ድራማውን ያያችሁትም ያላያችሁትም የመጀመሪያውን ክፍል እራት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ካሜራው የት ቆሞ እንደነበርና በየትኛው ቅጽበት እንደተጠጋ መዝግቡ። ቀጥሎ ፊታችሁን ከስክሪኑ አዙራችሁ ስሙት፤ የመጨረሻው ሳቅ የት ላይ እንደቆመ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ስምንተኛውን ክፍል ክፈቱና ሶኮቪያ ውስጥ ቦምቡ ከመውደቁ በፊት ያለውን ሳቅ አዳምጡ።